ያልሠራሁትን ኃጢአት የተናዘዝኩበት ቀን

ልጅ ሳለሁ ኃጢአት አልነበረኝም፤ ይህም በጣም ያስጨንቀኝ ነበር።

የምንኖረው ከጨለለቅቱ ከተማ በእግር ወጣ ብሎ፣ ቤቱ በእንሰትና በቡና ተውጦ ከመንገዱ ጣሪያው ብቻ በሚታይበት ቦታ ነው። አባቴ በቡና ወቅት ፍስሐ ገነት እሸት ቡና የሚታጠብበት ጣቢያ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ ቤት አይገኝም። ማታ ማታ እሳቱን ከበን የምንቀመጠው አያቴ፣ የእንጀራ እናቴ አስቴርና እኔ ነበርን። የወለደችኝ እናቴ የሞተችው መልኳን ለይቼ ሳላውቅ ነው። አስቴር የራሷ ልጅ አልወለደችም፤ እኔን ግን «እማ» እያልኳት አሳደገችኝ፣ እንደ ወላጅም ትቆጣኝ ነበር። ድስት ጠብቂ ተብዬ መጽሐፍ ሳነብ ጎመኑ ሲያርብኝ ከጓሮ እየሮጠች ትመጣለች። «አንቺ ልጅ! አፍንጫሽንም መጽሐፉ ውስጥ ከተትሽው? ሽታው እኔ ዘንድ ሲደርስ አንቺ ዘንድ አይደርስም?» ትለኝና ድስቱን አውርዳ፣ ያላረረውን ከላይ ጨልፋ ለእኔ ታስቀምጥልኝ ነበር።

እራት ተበልቶ ሲያበቃ አያቴ የሶላር መብራቷን «ለነገ ትረፍ» ብለው ያጠፏታል። ያኔ ቤቱ ውስጥ የሚቀረው የፍሙ ቅላትና እርጥብ እንጨት የሚተፋው ጭስ ነው፤ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ፊታችን ግማሹ በርቶ ግማሹ ጠቁሮ፣ ተረት እንሰማለን። አያቴ በአገራችን ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ ነበር የሚያወሩት፤ አሁን ወደ አማርኛ ስመልሰው ግማሹ በመንገድ ይፈስብኛል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበሩ የጅብንና የዝንጀሮን ተረት ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ጋር ሳይለያዩ በአንድ ምሽት ይተርኩልናል፤ የመጽሐፉም ሰዎች በእሳቸው አፍ ሁሉም የእኛ አገር ሰዎች ነበሩ። ድርሻውን ወስዶ የጠፋው ልጅ የቡና መሬቱን ሸጦ፣ በፍስሐ ገነት አልፎ፣ ዲላ ገብቶ፣ ብሩን በትኖ በሞያሌ መንገድ የቀረ ጎረምሳ ነበር።

«ከዚያ እርያ እንዲጠብቅ ተቀጠረ» ሲሉ አስቴር ትስቃለች። «አባባ፣ ከርከሮ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ የት ይገኛል?»

«እሱማ ነው ነገሩ!» ይላሉ አያቴ፣ ጉልበታቸውን እየመቱ። «እኛ ከርከሮን ከእንሰታችን ለማባረር እንቅልፍ እናጣለን፤ እሱ የእናቱን ጓሮ ጠላት ቀላቢ ሆነ! ሰው ከዚህ በታች የት ይወርዳል?»

ልጁ ተመልሶ አባቱ ሲያቅፈው አስቴር በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ጭሱ ነው እያለች። እኔ ግን የማስበው ስለ ታላቅየው ነበር፤ ቤት ስለቀረው፣ ምንም ስላላጠፋው። አንድ ቀን «ታላቁስ?» ብዬ ጠየቅሁ። አያቴ ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱና «ታላቁማ በደጅ ቆሞ ቀረ» አሉ። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰው ሁሉ «ይህች ልጅ ድምፅ የላትም፣ መልአክ ናት» ይለኝ ነበርና፣ ከቤት ወጥቼ የማላውቅ ልጅ ወደ ምን እመለሳለሁ? ማንስ ሮጦ ያቅፈኛል?

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ በባሕር ዛፍና በሸራ ዳስ ተሠርቶ ለወንጌል ጉባኤ ከዲላ እንግዶች መጡ። ሰባኪው የጥሪ መዝሙር እያስዘመረ «ልባችሁን ክፈቱ» ሲል ሰዎች እያለቀሱ ወደ ፊት ይወጡና ይመሰክራሉ። አንዱ ሰካራም እንደነበረ፣ ሌላው ከወንድሙ ጋር በድንበር ተኳርፎ እንደኖረ ተናገረ። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የምትማረው ቡርቱካን እንኳ ከጎረቤት ሸንኮራ መስረቋን ተናግራ ስታለቅስ ዘማሪዎቹ ከበው አቀፏት፣ እልልታው ሸራውን አናወጠው። እኔ ከኋላ አግዳሚ ላይ ሆኜ ሕይወቴን በረበርኩ፤ ሸንኮራ እንኳ የለም። በአባቴ ስልክ ስንት ምስክርነት ሰምቻለሁ፤ «ድሮ እንዲህ ነበርኩ፣ ዛሬ ግን» የሚለውን በቃሌ አውቀዋለሁ። የቸገረኝ የ«ድሮ»ው ነበር።

እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም። ማይኩ እጄ ላይ ሲደርስ ከሰማኋቸው ምስክርነቶች የአንዱ «ድሮ» አፌ ውስጥ ተገኘ።

«የእንጀራ እናቴን እጠላት ነበር» አልኩ። «እንድትሞት እጸልይ ነበር። ዛሬ ጌታ ነፃ አወጣኝ።»

ይህን የተናገርኩት በአማርኛ ነው፤ እንግዶቹ ጌዴኡፋ አያውቁም። በአማርኛ ሲሆን ከመጽሐፍ እንደተቀዳ ዓረፍተ ነገር ቀለል ብሎ ወጣ። ከጎኔ የቆመው አስተርጓሚ ግን ወዲያው ቃል በቃል ለሽማግሌዎቹና ለእናቶቹ መለሰው፤ እኔም ያልኩትን ገና ያኔ ሰማሁት። በጌዴኡፋ፣ አስቴር ጎመኑ ሲያርር በምትቆጣኝ ቋንቋ፣ እንድትሞት መጸለዬ ተነገረ።

አስቴር ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ መጣች። መራመዷ እንደ ታመመ ሰው ነበር። አቀፈችኝና «ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ» አለች። ሕዝቡ «ሃሌሉያ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰባኪው አለቀሰ። የተመኘሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሰጠኝ፤ እኔ ግን ጀርባዬ ላይ በጥንቃቄ ያረፉት እጆቿ ብቻ ነበሩ የሚሰሙኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አስቴር ተቆጥታኝ አታውቅም። ጎመኑ ሲያርር ዝም ብላ ድስቱን ታወርዳለች። «ካልደከመሽ ውኃ ታመጪልኛለሽ?» ትለኛለች፣ እንግዳ እንደሚለመን። ፀጉሬን ልትሠራኝ ስትል መጀመሪያ ፊቴን ታያለች። ምግብ ስታቀርብልኝ ዓይኗ እጄ ላይ ነው፤ እንዳልገፋው የምትፈራ ይመስል። እኔም መልካምነቷ ሲበዛብኝ እየሸሸሁ ሄድኩ፤ እሷ ሽሽቴን አይታ ይበልጥ ትጠነቀቃለች።

መዋሸቴን ለአያቴ ነገርኳቸው። በረንዳ ላይ መጥረቢያቸውን ሲስሉ ነበር።

«እና ለምን አልሽ?»

«ምስክርነት ስላልነበረኝ።»

መጀመሪያ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አይ አንቺ ትዕግሥት! ሰው ኃጢአት ይቸግረዋል? ትንሽ ብትታገሺ በራሱ ይመጣልሽ ነበር እኮ!» ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። መጥረቢያውን አስቀምጠው ወደ እንሰቱ አመለከቱኝ። «ይኸው አሁን እውነተኛውን አገኘሽ። ሂጂ ንገሪያት።»

አስቴር እንሰት እየፋቀች ነበር። እግሯን ሳንቃው ላይ ዘርግታ፣ ነጩ ጭማቂ በክንዷ እየወረደ። ከኋላዋ ቆሜ «እማ፣ ውሸቴን ነው» አልኩ። «ጠልቼሽ አላውቅም።»

እጇ አላቆመም። «አውቃለሁ። ጌታ ከልብሽ አውጥቶታል።»

«አላወጣውም! መጀመሪያውኑ አልነበረም!»

«እሺ። በቃ፣ አታልቅሺ።» መፋቁን ቀጠለች፤ ቆይታ ደግሞ ቀስ ብላ «አልወለድኩሽም እኮ። እኔ ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ ጥላቻሽን እጠብቀው ነበር» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። የእኔ ውሸት ያረፈው ቀድሞ በታረሰ መሬት ላይ ነበር፤ እውነቱን ብናገር ደግሞ ለእሷ ማባበያ ነው። ለአያቴ ስነግራቸው «በዳስ ፊት የተነገረ ጓሮ ውስጥ አይመለስም» አሉ። እኔ ግን ዓይን አፋር ነኝ፤ በሕዝብ ፊት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሬ ያ ነበር የወጣኝ። ዝም አልኩ። አያቴ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ሞቱ። እኔም ዲላ ዩኒቨርሲቲ ገባሁና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተደበቅሁ።

እዚያ ማንም አያውቀኝም ነበር፤ ከየአገሩ የመጣን ልጆች በአንድ መኝታ ክፍል፣ እያንዳንዳችን በየራሳችን ጸሎት እናድር ነበር። እግዚአብሔርን ይቅርታ ብዙ ጊዜ ለምኛለሁ፤ ቃላቱ ያማሩ ነበሩ። አንድ ቀን ግን ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ባዶ ሆኖ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የምጸልይበት ቃል ሁሉ ከሌላ ሰው የተዋስኩት መሆኑ ታወቀኝ። ያን ዕለት እንኳ፣ የራሴ የሆነ እውነተኛ ጥፋት እያለኝ፣ ለእግዚአብሔር ማይክ ይዤ ነበር የማወራው። አፌን ዘጋሁ። ብዙ ቆይቼ በጌዴኡፋ «ዋሽቻለሁ፤ ፈርቻለሁ» አልኩ፤ ከዚያ በላይ አልመጣልኝም። ደስታ አልወረደልኝም፤ ብርሃንም አላየሁም። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዳምጠኝ እንዳለ አመንኩ፤ ማመኔም የቀረውን ነገር ከመሥራት አላሳረፈኝም፣ ይልቁንም ወደዚያው ገፋኝ።

ከተመረቅሁ በኋላ በአንድ እሑድ አገሬ ገብቼ፣ የምስክርነቱ ሰዓት ሲደርስ ተነሣሁ። አስተርጓሚ አልነበረም፤ አላስፈለገም። በጌዴኡፋ እንዲህ አልኩ፤ «ልጅ ሆኜ እዚህ ቆሜ እናቴን እጠላት ነበር ብያለሁ። ዋሽቼ ነው። እንድታቅፉኝ ፈልጌ ነው። አንድም ቀን ጠልቻት አላውቅም። እሷ ስላልሠራሁት ይቅር ብላኛለች፤ ስለሠራሁት ግን ገና ይቅርታ አልጠየቅኋትም።»

እልልታ አልነበረም። አንድ ሰው አሳለ። መድረክ መሪው ግራ ተጋብቶ «እሺ፣ ጌታ ይባርክሽ፣ ተቀመጪ» አለና ወደ ማስታወቂያ ተሻገረ። አስቴር ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም።

ወደ ቤት ስንሄድ ቀድማኝ ትራመድ ነበር፤ ሞተሮች በጭቃው እያለፉን አንድም ጊዜ ዞር አላለችም። ከአስፋልቱ ወጥተን በቡናው መሐል ስንደርስ በድንገት ዞረችብኝ።

«አንቺ!»

ቆምኩ።

«ይህን ሁሉ ዘመን! ስታመም ደስ ይላታል እያልኩ፣ ገበያ ስሄድ ተገላገለችኝ እያልኩ! በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ በጫፌ እየረገጥኩ! ለምን? ሕዝብ እንዲያቅፍሽ? እኔ አላቅፍሽም ነበር?»

«እማ፣ ነግሬሽ ነበር እኮ፣ እንሰቱ ጋ...»

«ዝም በይ! በሹክሹክታ ነገርሽኝ! ያን በማይክ፣ ይህን በሹክሹክታ! ተማረች ይሏታል ደግሞ!»

ጎረቤቶቻችን ከኋላ እየደረሱ፣ ሰላም ሊሉን ፈርተው በጥግ አለፉን። እሷ አልሰማቻቸውም። ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸችብኝ፣ ከዚያ ጥላኝ ሄደች። እኔ ቡናው ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። አምናኛለች፤ ያላመነ ሰው እንደዚያ አይቆጣም።

ቁጣዋ እስካሁን አልለቀቃትም። ስደውልላት «በላሽ?» ትላለች፣ «በላሁ» ስላት ትዘጋለች። በሰማኋቸው ምስክርነቶች ሁሉ ነገሩ «ዛሬ ግን» የሚለው ላይ ያበቃል፤ የእኔው ከዚያ ጀምሯል። ከልጅነቴ ምሽቶች ምን እንደቀረልኝ ሲጠይቁኝ ተረቶቹን ልተርክ እሞክራለሁ፤ ግን በእርግጥ የቀረኝ ይህ ፍርሃት ነው፣ የአንድ ሰው ልብ አጠገብ ስናገር የሚይዘኝ። ማታ ማታ ስለ እሷ እጸልያለሁ። ቁጣዋ እንዲያልፍ እጸልያለሁ፤ የእናት ቁጣ ነውና፣ እንዲያጥር ግን ለምኜ አላውቅም።