የፈቃደ ታፔላ

አሰላ ላይ ኮምፒውተሩ አልሠራ ያለው ሰው የሚሮጠው ወደ ፈቃደ ነው። ሱቁ ከኔ ጎሚስታ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ እኔ ጎማ እለጥፋለሁ፣ እሱ ኮምፒውተር ይፈታል። እጁ ወርቅ ነው። ችግሩ ታፔላው ነበር። የአንድ የአሜሪካ ካምፓኒ ምልክት በትልቁ አስሎ፣ ከሥሩ «ሕጋዊ ወኪል» ብሎ አስጽፏል። ማን ወከለህ ስለው «ሰኢዶ፣ የነሱን ዕቃ እጠግን የለ? ከዚህ በላይ ምን ውክልና አለ?» ይለኛል።

ሐመልማልን ሲወድ እኔንና ጡረተኛውን መምህር በእውቀቱን ለሽምግልና ላከን። አባቷ ጋሽ ገብረ መድህን የገብስ ነጋዴ ናቸው፤ ኩሩ ሰው። የኛ አገር ሽማግሌ እሺ እስኪባል አይቀመጥም፤ ቆሞ ያወድሳል። በእውቀቱ ማወደስ ጀመሩ፣ ማቆሚያ ግን አጡ። ፈቃደ የአሜሪካኖቹ የአርሲ ተጠሪ ሆነ። ዴራ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው ተባለ፣ ጮሌ ከተማም አልቀረች። ጋሽ ገብረ መድህን ፊታቸው በራ፤ ተቀመጡ አሉን።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሬዲዮው፣ ያ የአሜሪካ ካምፓኒ የኮምፒውተር ሥራውን ለቻይኖች ሸጠ ብሎ አረፈው። ሰፈሩ ሁሉ የተሸጠው ፈቃደ መሰለው። ባለ ሻይዋ አበራሽ «አይዞህ፣ የሸጡህ ከነሱቅህ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ጋሽ ገብረ መድህን ግን አልቀለዱም። እኔንና በእውቀቱን አስጠርተው «የቆማችሁለት ልጅ የአሜሪካ ሰው ነበር። አሁን የማን እንደሆነ ሳላውቅ ልጄን አልሰጥም» አሉን። እኚህ ሰው የሚጠጡትን ቢራ የሚጠምቀውን ፋብሪካ ፈረንጅ ከገዛው ቆይቷል፤ አንድ ቀን ጠርሙስ ሲመልሱ አላየሁም። ግን ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

ፈቃደ «እኔ ጠጋኝ እንጂ ወኪል አይደለሁም» ማለት ሞት ሆነበት። ይልቅ ታፔላው ላይ ቀይ ዘንዶ አስጨመረ። ደንበኛውን ሁሉ በቻይንኛ ሰላም ይል ጀመር። ከኦጎልቾ የመጡ አንድ ገበሬ በኦሮምኛ «አሞሃል እንዴ?» ብለው ጠየቁት። እኔማ ተናድጄ ሰላምታ ነሳሁት። የሚያበግነው ዘንዶው መሥራቱ ነው። ጋሽ ገብረ መድህን ነጋዴ አይደሉ፣ ገዢ ከሻጭ እንደሚበልጥ ቶሎ ገባቸው። ሽማግሌዎቹ ነገ ይምጡ ብለው ላኩብን።

ሐመልማል ግን ቀድማን ሱቁ መጣች። እኔ ጎማ እየነፋሁ እሰማለሁ።

«አባቴ መጀመሪያ ለአሜሪካ ዳረኝ፤ አሁን ለቻይና ሊድረኝ ነው። አንተን የማገባው መቼ ነው? ይሄ ታፔላ ካልወረደ እኔ የለሁበትም» አለችው።

«ከወረደ አባትሽ እምቢ ይላሉ።»

«ይበሉ» ብላ ሄደች።

የልጁ ፊት አመድ መሰለ። አሳዘነኝ። ደጃፉ ላይ ብዙ ከቆመ በኋላ መጥቶ መሰላልህን አውሰኝ አለኝ።

በማግስቱ ሄደን ቆምን። በእውቀቱ ማወደስ ሊጀምሩ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ። «ጋሼ» አልኩ፣ «ልጃችን የማንም ወኪል አይደለም፤ ሆኖም አያውቅም። የተበላሸ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ይኸው ነው።»

ጋሽ ገብረ መድህን ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። «ታዲያ ልጄን የምሰጠው ለማን ነው?» አሉ። ተቀመጡ የሚለን ጠፋ፤ እንደቆምን ቀረን።

ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት ቀርባ አትናገርም፤ ደንቡ ነው። ሐመልማል በሁለት እጇ ሁለት በርጩማ አንጠልጥላ ከጓዳ ወጣች። አባቷን ቀና ብላ አላየችም። በርጩማዎቹን አጠገባችን አኖረችና «ቁጭ በሉ» አለችን።

ተቀመጥን።