ሁለት አባ ገዳ ያየችው ላንድሮቨሬ

የኢንሹራንሱ ሰው ነገሌ ቦረና የገባ ጠዋት፣ ከጉጉቴ ብዛት ሁለት ጊዜ ነው ፊቴን የታጠብኩት። ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው... ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ያኔ አንዲት ላንድሮቨር ነበረችኝ። ከነገሌ ዶሎ ሰውም እህልም እየጫንኩ ልጆቼን የማበላው በእሷ ነው። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ሙሉ ኢንሹራንስ ስገባላት የሰፈሩ ሰው «ላልሞተ ተዝካር ይወጣል እንዴ?» እያለ ስቆብኛል።

አፋቸው ነው መሰል፣ ሞተች። ከዶሎ ስመለስ ደረቅ ወንዝ መሀል ጎማዋን አሸዋ ያዘው። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሲገፋ፣ ከላይ የት እንደዘነበ እንጃ፣ ደራሽ ውሃ እያጓራ መጣ። እኛ ሮጠን ወጣን። እሷን ይዟት ሄደ።

በማግስቱ ስናገኛት ተገልብጣለች፣ ሻንሲዋ ተጣሟል፣ ሞተሯ አሸዋ ጠጥቷል። ሰው ፊት ቆሜ አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል?

የቀረችኝ ተስፋ አንድ ነበረች። ሻሸመኔ አንድ ነጋዴ ያገለገለች ፒካፕ እስከ ወሩ መጨረሻ ሊይዝልኝ ቃል ገብቶልኛል። የኢንሹራንሱ ገንዘብ ከበቃኝ ፒካፗ የኔ ናት። ካልበቃኝ የሰው መኪና ሹፌር ሆኜ መቅረቴ ነው።

እንግዲህ ሰውየው መጣ። ክራባት ያሰረ፣ ጫማው በነገሌ አቧራ የተበላሸበት ወጣት ነው። ግቢዬ ያስጎተትኳትን ላንድሮቨር ሁለት ጊዜ ዞራትና «ከጥቅም ውጪ ናት፣ አትጠገንም» አለ። ደስ አለኝ! መኪናህ ሞተች ሲሉት ደስ የሚለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ዕድሜዋስ?» አለኝ።

«ሊብሬው ላይ አለ፤ አምስት ዓመቷ ነው።»

«ይሄ እዚህ አገር ታርጋ ያወጣችበት ነው እኮ። ከዚያ በፊትስ?»

«ኧረ ብዙም አልሠራች... ከሞያሌ ማዶ፣ ከኬንያ ነው የመጣችው» አልኩ። ዋሸህ እንዳትሉኝ። ብዙ ማለት ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል?

ጸሐዩም አናት ይበሳል፣ እሱም ቶሎ መሄድ ፈልጓል። «እሺ፣ በሊብሬው እንያዘው። ምስክርዎን ሰምቼ እንፈራረም» አለ። በልቤ ፒካፗን ማሽከርከር ጀመርኩ።

ምስክሬ ኦቦ ቦሩ ናቸው። የዱብሉቅ ቦረና፣ ሴት ልጃቸው ነገሌ የተዳረች፣ ሀሰት ከአፋቸው የማይወጣ ሽማግሌ። ጎርፉ በመጣ ዕለትም አብረውኝ ነበሩ። አስቀድሜ «ኦቦ፣ ስለ መኪናዋ ደህና ደህናውን ብቻ ይንገሩልኝ» ብዬ ለምኛቸዋለሁ። ደህና የቱ እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። ጥፋቱ የኔ ነው።

«አካም? ናጋ?» ብለው ገቡና በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ።

«አባት፣ መኪናዋን በደንብ ያውቋታል?» አላቸው ሰውየው።

«እንዴት አላውቃት! ትናንት የተወለደች እንዳትመስልህ። ይቺ ሁለት አባ ገዳ ያየች ናት!»

እስክሪብቶው ቆመ። «አንድ አባ ገዳ ስንት ዓመት ይቆያል?»

ኦቦ ቦሩ ስምንት ጣታቸውን ዘረጉለት። አጠፉና እንደገና ስምንት ዘረጉ። ወይ ጉዴ!

ከዚያ ማን ያቁማቸው። በእሳቸው ዘንድ ድርቁን ሁሉ አልፎ ያረጀ ከብት የተከበረ ነው፤ ዕድሜ ማዕረግ ነው እንጂ ነውር አይደለም። «እኛ ጋ ጉድጓድ የሚቆፍረው ፈረንጅ በኬንያ ታርጋ ሲያመጣት ያኔም ጥጃ አልነበረችም» አሉት። «ሦስት ድርቅ ውሃ አመላልሳልናለች። ልቧ ሁለቴ ሞቶ፣ ሌላ ልብ ተገጥሞላት ተነስታለች!»

«ሞተሯ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል ማለት ነው?» አለ ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ። መሬት መሬት አየሁ።

ኦቦን በዓይኔ ብጠቅሳቸው ያለቀስኩ መሰላቸው። አዘኑልኝና ጭራሽ ባሰባቸው። «ድፍረቷስ! ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብትረግጥባት እንኳ አትቆምልህም!»

ሰውየው ሁሉንም ጻፈ። የጀመረውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሌላ አወጣ። ለእርጅናዋ ቀነሰ። ስብርባሪዋ እኔው ጋ ስለሚቀር ለእሱም ቀነሰ። የቀረው እንኳን ፒካፗን፣ ጎማዋንም አይገዛ።

«ጌታዬ፣ የልጆች አባት ነኝ... እንዲያው ግማሹን እንኳ?»

«ቅሬታ ካለዎት አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ መጥተው ያመልክቱ።»

«በምን ልምጣ?»

ላንድሮቨሯን አንዴ ዞር ብሎ አያትና እስክሪብቶውን አቀበለኝ። ፈረምኩ። ፒካፗን ሌላ ሰው ወሰዳት፤ እኔም ለብዙ ዓመት የሰው መሪ ይዤ ኖርኩ።

የዚያን ዕለት ሰውየው ሲሄድ ኦቦ ቦሩ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። «ስንት ሰጠህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ቆጨት ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አየህ ልጄ፣ እኔ ዕድሜዋን ባልነግረው ይሄንንም አይሰጥህም ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ኦቦ» አልኩና በር ድረስ ሸኘኋቸው።

ይኸው እስከዛሬ ሰው ዕድሜዬን ሲጠይቀኝ፣ ለምን እንደፈለገው ሳይነግረኝ አልናገርም።