በሩ ላይ ያወለቅኩት ሰንደል

ባለፈው ሰመር ከካናዳ፣ ከካልጋሪ ሄደን ጣሊያን ውስጥ የጥንት ሥነ ጥበብና የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ ስናጠና ከረምን። አብረውኝ የሄዱት የክፍል ጓደኞቼ አብዛኛውን ያዩት በስልካቸው ነው። አንድ የገጠር መንደር ውስጥ ያለ ያረጀ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ፣ እዚህ ካልጋሪ በቤተ ክርስቲያናችን እንደማደርገው፣ ሰንደሌን በሩ ላይ አውልቄ ገባሁ። ከእነሱ የገቡት ማስቲካቸውን እያኘኩ ወለሉ ላይ በተነጠፉት የመቃብር ድንጋዮች ላይ ተራመዱ።

መስከረም ላይ ክፍል ውስጥ፣ ከሁላችንም ብዙ የሚያወራው ልጅ ጥናቱን አቀረበ። ስክሪኑ ላይ የወጣው የኔ ሰንደል ነው፤ የግራውን ማሰሪያ እናቴ በጥቁር ክር የሰፋችው። ወደ ውስጥ እንኳን ሳይገባ ያነሳው ፎቶ ነበር።

"የአካባቢው ገበሬዎች የመካከለኛው ዘመን ተሳላሚዎችን ጫማ አውልቆ የመግባት ልማድ እስከ ዛሬ ጠብቀዋል" አለ።

"ድንቅ ምልከታ ነው!" አለች አስተማሪያችን። "ማንን ጠየቅህ?"

"መጠየቅ አላስፈለገኝም። በግልጽ ይታያል።"

ሁሉም ጻፉት። እኔ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን አወጣሁ።

"ሰንደሉ የኔ ነው" አልኩና እግሬን ከጠረጴዛው ስር ዘረጋሁ። ያንኑ ሰንደል አድርጌ ነበር።

ልጁ ጎንበስ ብሎ ክሩን ሳይቀር አየ።

"ውይ፣ አንቺም ከዚያው መንደር ገዛሽ?" አለኝ።

ሁለተኛ ቃል ሳላባክንበት እግሬን ሰበሰብኩ።