ፈተናው እስኪያልቅ

ወንድሜ ሆስፒታል ሲገባ እኔ ለማትሪክ እየተዘጋጀሁ ነበር። ማትሪክ ያለፈ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። የወደቀ ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ የቀን ሥራ ይጠብቃል። ከላፍቶ ልጆች እስከዚያ ድረስ ዩኒቨርሲቲ የገባ አላውቅም። እንግሊዝኛ ማለፍ ግድ ነው፣ ሒሳብም ግድ ነው፤ በሌላው ትምህርት ጎበዝ ቢሆኑም በእነዚህ ከወደቁ ዋጋ የለውም።

አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያስተማረኝ ወንድሜ ነው። እሱ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ክር ፋብሪካ ገባ። ከሥራ ሲመለስ ሳሉን እየዋጠ የእንግሊዝኛ መጽሐፌን ይይዝና ያስነብበኛል። መጽሐፉን ወደሱ አዙሮ ይይዘዋል እንጂ ብዙውን ቃል አያውቀውም። የሚያዳምጠው እኔ የምቆምበትን ቦታ ነው።

"እዚህ ጋ ተንተባተብክ" ይለኛል።

"ወንድም ጋሼ፣ ትርጉሙን ታውቀዋለህ?"

"ትርጉሙ ላንተ ነው። እኔ የፈሪ ድምፅ አውቃለሁ። ድገመው።"

ሳሉ ሲብስበት እናቴ ከተማ ሆስፒታል ወሰደችው፤ እሷም እዚያው ታስታምመው ጀመር። እኔ እዚያው ላፍቶ አጎቴ ቤት ገባሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቀው ስሄድ ወንድሜ ቀና ለማለት ሞክሮ አልቻለም። "ከፈተናው በፊት ሁለተኛ እንዳትመጣ" አለኝ። "መንገዱ ጊዜ ይበላብሃል። ስትጨርስ ና።" እሺ አልኩ። እሺ ማለቴ ትክክል ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም።

የፈተናው የመጀመሪያ ቀን አማርኛ ነበር። ደህና ሠራሁ። በማግስቱ ጠዋት ጫማዬን ሳስር አጎቴ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

"ዛሬ በመካኒሳ በኩል እንዳትሄድ" አለኝ።

"ለምን፣ ጋሼ?"

"ያበደ ውሻ አለ። ሰው ነክሷል። በነፋስ ስልክ በኩል ዙርና አውቶቡስ ያዝ።"

ዱላም ሰጠኝ። አጎቴ ሲናገር ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ነው። ያን ቀን የሚያየው ዱላውን ነበር።

የነፋስ ስልኩ መንገድ ሩቅ ነው። የገብስ ማሳው መሃል ለመሃል፣ ጭቃው እግሬን እየያዘው፣ በየጥቂቱ ዞር እያልኩ ሄድኩ። ቁጥቋጦ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዱላዬን አነሳለሁ። ውሻ ከልጅነቴ እፈራለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ያገኘሁት የክፍሌ ልጅ ዱላውን አይቶ ሳቀ።

"ምነው፣ ዛሬ እንግሊዝኛን ልትደበድበው ነው?"

"መንገድ ላይ ያበደ ውሻ አለ።"

"ፈተናው ውስጥም አለ። ዱላህን ይዘህ ግባ።"

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ግን ከነዱላዬ አላስገባኝም። "ይሄ ደግሞ ማስመሪያህ ነው?" ብሎ ተቀበለኝና ከግንቡ ጋር አስደገፈው። ገብቼ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛው ቀርቦ ሳለ እንኳ ልቤ ከውሻው አልተላቀቀም ነበር። ከዚያ ወንድሜ ያስነበበኝ ዓይነት ምንባብ መጣና ተረጋጋሁ። የሚያቆመኝ ቃል ሲገጥመኝ በሆዴ "ድገመው" እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ወደ ሰፈራችን ጥግ ስደርስ ሴቶች በመካኒሳው መንገድ ውሃ ቀድተው ሲመጡ አየሁ። እንስራ አዝለዋል። ትንንሽ ልጆች ከኋላቸው ይሯሯጣሉ። አንድም ዱላ የያዘ የለም። ወተት የሚያመጡልን ገበሬዋ ሴትዮ መካከላቸው ነበሩ። ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እማማ፣ ውሻው ተገደለ እንዴ?"

"የምን ውሻ?"

"ያበደው።"

አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "እ... አዎ፣ ውሻው። ሄዷል። ፈተና አለህ አይደል? ግባ፣ አንብብ፣ የኔ ልጅ" ብለው ፈጠን ብለው አለፉኝ። ከዚያ በፊት የኔ ልጅ ብለውኝ አያውቁም።

ቆሜ ቀረሁ። በመካኒሳው መንገድ ላይ የሚገኘው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። መቃብራችንም እዚያ ነው።

ግቢ ስገባ የአጎቴ ሚስት ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብስ ታሰጣለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር የለበሰችው፤ ጥለቱ አንገቷ ሥር ነው። ሐዘንተኛ እንደዚያ ይለብሳል። የእግሬን ኮቴ ስትሰማ ደንግጣ ገለበጠችው። "መጣህ? እንዴት ነበር?" አለች። ዓይኗ አብጧል።

"እትዬ፣ ከሆስፒታል ወሬ አለ?" ልላት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

ልማዱን አውቀዋለሁ። መንገደኛ ወይም ተፈታኝ መርዶ አይነገረውም፤ ጉዳዩን እስኪጨርስ አገር በሙሉ ይደብቀዋል። እኔም ከጎረቤት ልጅ ደብቄ፣ አብሬው እየተጫወትኩ ውያለሁ። ብጠይቃት ወይ ትዋሻለች፣ ወይ ትነግረኛለች። ከነገረችኝ ነገ ሒሳብ የለም። ስለዚህ "ደህና ነበር" አልኳትና ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ።

ከዚያ በኋላ ሰው መፍራት ጀመርኩ። ሲሰድበኝ የኖረው የአጥር ጎረቤታችን "አይዞህ፣ ጎበዝ" ሲለኝ ሮጬ አመለጥኩት። እንቁላል ሲጠበስልኝ እፈራለሁ። ሁለት ሴቶች ቆመው ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ፤ ሲያወሩ እንዳልሰማ። አጎቴ ጢሙን መላጨት ትቷል። አንድ ቀን ዓይኑ ቀልቶ ገባና ሳልጠይቀው "አቧራ ነው" አለኝ። ጭቃ ነበር እኮ አገሩ። "አዎ፣ አቧራ አለ" አልኩት።

ሒሳብ ላይ አንዱን ጥያቄ ደጋግሜ ሳነብ ሰዓቱ አለቀብኝ። ኋላ ውጤቱ ሲመጣ የወደቅኩት በሱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው አልተቀበለኝም። ያን ጊዜ ግን አላወቅኩም። ያን ጊዜ የማውቀው ፈተናው እስካላለቀ ድረስ የሚነግረኝ እንደሌለ ነው። ያልተነገረኝን ደግሞ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል እላለሁ። እናም መጀመሪያ ቶሎ ባለቀ ስለው የነበረውን ፈተና፣ በመጨረሻው ቀን እንዳያልቅ መለመን ጀመርኩ። ወረቀቴን ጨርሼ ይዤው ተቀመጥኩ። ሁሉም ወጣ። ተቆጣጣሪው ህንዳዊ መምህር ራሴ ላይ ቆሞ ሰዓቱን አሳየኝ። አልለቅ ስል በቀስታ ከእጄ ስቦ ወሰደው።

ማታ የአጎቴ ሚስት ጉርሻ በጉርሻ ላይ ደራረበችብኝ።

"ጠግቤያለሁ፣ እትዬ።"

"ብላ። ነገ..." አለችና ተወችው። በላሁ።

ሲነጋጋ ከደጅ የወንዶች ሳልና የዱላ ድምፅ ሰማሁ። አጎቴ፣ የነፍስ አባታችንና አንድ የሰፈር ሽማግሌ ገቡ። ተቀመጡ። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ፈተናው አለቀ አይደል፣ ልጄ?"

"አንድ ይቀረኛል" አልኩ።

እንዲህ እላለሁ ብዬ አላሰብኩም። አፌ ነው ያለው። ሦስቱ ተያዩ።

"ትናንት አልቋል አላልከንም?" አሉ ሽማግሌው ወደ አጎቴ ዞረው።

"እኔማ እንደዚያ መስሎኝ..."

"እንግዲያው ይቆይ" አሉ የነፍስ አባታችን። ተነሱ። "በርታ፣ ልጄ" አሉኝ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ወጥተው ሊሄዱ ነው ብዬ ትንፋሼ መለስ አለ።

በሩ ሲከፈት እናቴን አጥሩ ሥር ቆማ አየኋት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ነክሳዋለች። ሰምታናለች። ከአፏ አውጥታ፣ እግሯን እየጎተተች ገባችና ፊቴ ቆመች። ድምፅዋ ከልቅሶ ብዛት ተዘግቶ ነበር።

"ወንድምህ፣ 'እስኪጨርስ ጠብቂው' ብሎኛል፤ እጠብቅሃለሁ" አለች። "ስንት ቀን ነው የቀረህ? ንገረኝና ልቻለው።"

ከንፈሯ ደምቷል። ሌላ ቀን የምትችል አትመስልም፤ ብጠይቃት ግን ትችለዋለች።

"ጨርሻለሁ፣ እማዬ" አልኳት።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ተቀመጡ።