የዓሣው አንድ ጎን

ኪኑዬ ሽማግሌውን እንግዳ በቅጡ አታውቃቸውም። በየመኸሩ ብቻቸውን ወደ ጃፓኑ የኢዙ ባሕር ጠረፍ፣ ባሏ ምግብ ወደሚያበስልበት የፍልውሃ ማደሪያ ይመጣሉ። ታጥበው የማደሪያውን ስስ ኪሞኖ ሲለብሱ ፊታቸው ፀሐይ ያጠቆረው፣ ደረታቸው ግን እንደ ሩዝ የነጣ ነው። ኪኑዬ ለራት አሥራ አንድ ዓይነት ምግብ ታቀርብላቸዋለች። ሁሉንም አሟጠው ይበላሉ፤ ከተጠበሰው ዓሣ ግን የላይኛውን ጎን ብቻ።

«ግማሹን መለሱት? ምን አጎደልኩ?» ይላል ባሏ በየዓመቱ።

ዘንድሮ ኪኑዬ ልታግዛቸው ብላ ዓሣውን በመብሊያ እንጨት ልትገለብጥላቸው ስትል ሳህኑን በእጃቸው ከለሉት።

«ተይው ልጄ። አይገለበጥም።»

ወጥ ቤት ገብታ ስትናገር ባሏ ሳቀባት።

«አንቺ የተራራ ልጅ! ባሕር ላይ የወጣ ዘመድ ያለው ሰው ዓሣ አይገለብጥም፤ የዘመዱም ጀልባ ይገለበጣል ብሎ ይፈራል። እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ጨው በዛ ይሆን እያልኩ!»

ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይመለስ ባሕር ላይ የሚቆይ ጀልባ የለም።

ኪኑዬ ሻይ ይዛ ተመለሰች። ሽማግሌው በመስኮቱ ውሃውን ያያሉ።

«ጌታዬ፣ ባሕር ላይ ማን አለዎት?»

የሾርባውን ሳህን በክዳኑ ቀስ ብለው ከደኑት።

«መታጠቢያው አሁንም ክፍት ነው?» አሉ።