ቀደመኝ

እሑድ ከሰዓት ከልጅ ልጄ ጋር በቴሌቪዥን የመኪና እሽቅድድም ፊልም ስናይ መብራት ጠፋ። እሷ ስልኳን አየችና፣ "እማማ፣ ፊልሙ ነው እንጂ ያጣላቸው፣ በእውነቱ ሁለቱ ተሽቀዳዳሚዎች ወዳጆች ነበሩ" አለችኝ። ጎረቤት ጄኔሬተር አስነሳ። የቤንዚን ሽታ በመስኮት ገባ።

አባቴም ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር። እሱና ጋሽ ኦይሳ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ገብስ የሚያወርዱ የጭነት መኪና ሾፌሮች ነበሩ። መኪና ማንሻ ክሪካቸው አንድ ነበር፤ ጎማ የፈነዳበት ከሌላው ይወስዳል። ሲወርዱ መኪኖቹን ጉሙ ይውጣቸውና ድምፃቸው ብቻ ከተራራው ይሰማን ነበር።

አንድ ዝናባማ ጠዋት አብረው ተነሥተው አባቴ ብቻውን አርባ ምንጭ ደረሰ። የጋሽ ኦይሳ መኪና ገደል ገብቶ ሰውየው ሞቶ ነበር።

ለቅሶው ሳያበቃ ሲሽቀዳደሙ ነበር የሚል ወሬ ተነሣ። ውሃ ልቀዳ ስወርድ አንዷ ልጅ፣ "አባትሽ አሸነፈ አሉ! ቀድሞ ነው ወይስ ገፍትሮ?" ብላ ሌሎቹን አሳቀችብኝ። እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስኩ።

አባቴ መኪናው አጠገብ ቁጭ ብሎ ክሪኩን በቤንዚን ያጥባል።

"አባባ፣ ከጋሽ ኦይሳ ጋር ስትሽቀዳደሙ ነበር?"

እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"ቀደመኝ፣ ልጄ" አለ።

በመንገዱ ይሁን በሞት አልጠየቅሁትም። ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት አብረን ኖርን፤ አልጠየቅሁትም።

መብራት ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ይከንፋሉ።

"እማማ፣ ያንቺም አባት ሾፌር ነበር አይደል? ይሽቀዳደም ነበር?"

"ድምፁን ጨምሪው" አልኳት።