አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የወደቀው አንቶኖቭ

ነገሩ የጀመረው እሑድ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ አሜሪካ፣ ግሬፕቫይን በምትባል ከተማ በሚኖሩ አንድ አዛውንት ቤት ነው። በሰሜኑ ጦርነት አያቴ የሶቪየት ማመላለሻ አውሮፕላን፣ አንቶኖቭ፣ ያበርሩ ነበር። አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አውሮፕላናቸው በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ ከኮረብታ ጋር እንደተጋጨና ጥፋቱ የአብራሪው እንደሆነ ጽፏል። እናቴ ያንን ካነበበች ወዲህ የአባቷን ፎቶ ከሳሎን አንስታዋለች።

አዛውንቱ ያኔ አውሮፕላኑ ሊያርፍበት በነበረው የአውሮፕላን ሜዳ ነዳጅ ይሞሉ ነበር።

«ጋሼ፣ ሲወድቅ ስንት ሰዓት ነበር?» አልኳቸው።

«አሥራ ሁለት።»

«ቀትር ላይ ማለት ነው?»

ሳቁ። «ሰዓትሽም አሜሪካዊ ሆነ? የእኛ አሥራ ሁለት ነዋ፣ ልጄ። እየጨለመ ነበር። ሜዳው መብራት የለውም፤ ቁስለኛ ስለሚጠብቅ ግን እንዲያርፉ ታዘዙ። ኮረብታውን በምን ይዩት?»

ደራሲው ከምስክር የሰማውን ቁጥር እንዳለ ጽፎት ኖሯል።

እኔ ስልክ ማውራት ስለምፈራ ለሐኪም ቀጠሮ እንኳ መልእክት መላክ እመርጣለሁ። በማግስቱ ጠዋት ግን ሪቻርድሰን ከተማ፣ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ለደራሲው ደወልኩና የሰዓቱን ስሕተት አስረዳሁት። የቀዳውን የምስክሩን ቃለ መጠይቅ ሰምቶ ሌላ ቀን እንደሚደውል ነገረኝ። አሁኑኑ እንዲሰማው፣ እኔም ስልኩን ሳልዘጋ እንደምጠብቅ ነገርኩት።